አያቴ ቢሮክራት የሆኑበት ዓመት

(ባለፈው ወር ደብረ ማርቆስ ላይ ለተሰበሰቡ የንባብ ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው ድግግሞሹን ቀነስኩ። የአፍ ወጉን ግን ሆን ብዬ አልነካሁትም።)

እንደምን አመሻችሁ። አዳራሹ ይበርዳል፤ ጋቢ ይዛችሁ የመጣችሁ አውቃችሁበታል።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ሰፊ ነው። የአብዮቱ ዘመንና የዛሬው የፖለቲካ መከፋፈላችን ይላል። ይህን ርዕስ ከቤተ መንግሥት ጀምሮ ቁልቁል የሚያወርድ ሰው ሞልቷል። እኔ ከአንድ ማሳ ልነሣ።

በ1989 ዓ.ም. አያቴ ቢሮክራት ሆኑ።

ሳቃችሁ ይገባኛል። አያቴ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ገበሬ ነበሩ። ቢሮ ቀርቶ ቤታችን ውስጥ ወንበር አልነበረም፤ የምንቀመጠው መደብ ላይ ነው። ጥፋታቸው ማንበብ መቻላቸው ነው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዳዊት ደግመዋል፣ ከቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሰው ተመልሰዋል። በ1967 የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም «መጻፍ የሚችል ማነው?» ተባለ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ጸሐፊ ሆኑ። ሦስት ዓመት ያህል ጻፉና ዓይኔ ደከመ ብለው ተዉት።

ከ19 ዓመት በኋላ ያ ብዕር ዞሮ መጣባቸው።

እኔ ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ያለው ወረዳው ከተማ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ ወደ ቤት እገባለሁ። የዚያን ቀን የመሬት ድልድሉ ስብሰባ ሾላ ዛፍ ሥር ነበር። ስም ዝርዝር ይነበባል። ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎ ምድብ አለ። እገሌ፣ ጭቁን። እገሌ፣ የፊውዳል ርዝራዥ። የአያቴ ስም ተጠራ። ዞር ብለው ጎረቤታቸውን «ምን አለኝ?» አሉት።

«ቢሮክራት።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው አባባ። መሬት የሚያስነሣ ነገር ይመስለኛል።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ትርጉም አንብቤአለሁ። የጎረቤታችንን ያህል ቁርጥ ያለ አላገኘሁም። ቢሮክራት የተባለው በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበረው ሰው ነው። የድልድሉ መመሪያ ርዝራዥና ቢሮክራት የተባለ ሰው ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ይላል። 1 ሄክታር በእኛ ልክ 4 ጥማድ ነው። ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር መያዝ ይችላል። አያቴ 11 ጥማድ ነበራቸው። 7ቱ ሄደ።

(ጎጃም ቆሞ ስለ ሰምና ወርቅ ሳያወራ የሚወርድ ተናጋሪ የለም። እኔ የዚሁ አገር ልጅ ስለሆንኩ ማሩኝ፤ እዘለዋለሁ።)

ዛሬ የማወራው ስለዚያ ቃል ነው። ከየት መጣ? ማን አመጣው? አብዮቱ ርስትን ሻረ፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ርስቱ ሲሻር ግን ቦታው ባዶ አልቀረም። ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሌላ ነገር ገባበት። እሱም ፍረጃ ነው።

እስኪ ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። ወጣቶቹ ርስት ስላችሁ ሰፊ መሬት ያለው ጌታ እንዳይመጣባችሁ። በጎጃም ርስት በእናትም በአባትም ይወርዳል። ከዋናው አባት መወለዱን የቆጠረ ሁሉ ድርሻ አለኝ ብሎ ይከሳል። ስለዚህ ድሃውም ባለርስት ነው። ከዳኛ ደጃፍም አይጠፋም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይል የለ ሰዉ? ከዚህ ቆጠራ ውጭ የቀሩም ነበሩ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ብዙው ሙስሊም ጎረቤታችን። እነሱን አትርሷቸው፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ኅዳር 1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ወረቀቱን ብቻ ብናይ ክፉ አልነበረም። የቀድሞውን አሥራት አስቀርቶ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል ነው የሚለው። ችግሩ ምርቱን የሚገምት ሰው ማሳ ድረስ መምጣቱ ነው። የጎጃም ባላገር የሰማው «ግብር» የሚለውን አይደለም። የሰማው «ቀላድ» የሚለውን ነው። የመሬት መለኪያ ገመድ ሊጣልብን ነው አለ። በደቡብ ገመድ የተጣለበት ሰው በገዛ አገሩ ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱን ሰምቷል። መሬቱን ላለማስለካት ደግሞ ከዚያ በፊትም ለብዙ ዘመን ታግሏል።

አመፀ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተቀጣጠለ። ገማቹ መንደር መግባት አቃተው። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ፤ መንደር ተደበደበ። እልቂት ነበር። በመጨረሻ ግን ወደኋላ ያለው ንጉሡ ነው። ጠቅላይ ግዛቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ። ግብሩ ሳይሰበሰብ ቀረ፣ ውዝፉም ተሰረዘ። ጫማ የሌለው ገበሬ ንጉሠ ነገሥቱን አዋጅ አሳጠፋቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ይህ አመፅ ተራማጅ ነው ወይስ አድሃሪ?

(ከአዳራሹ «ተራማጅ!» የሚል ድምፅ መጣ። ከኋላ በኩል ሌላ ሰው «አድሃሪ እንጂ!» አለ። ትንሽ ተሳሳቁ።)

አያችሁ? 50 ዓመት አልፎም አልተስማማችሁም። ገበሬው ዙፋኑን ተዋግቷል፤ በዚህ ተራማጅ ነው። የተዋጋው ግን አጽመ ርስቴን አትንኩ ብሎ ነው፤ በዚህ አድሃሪ ነው። ንጉሡ ይውረድም አላለም፣ መሬት ይከፋፈልም አላለም። ለእሱ የሚሆን ቃል በዚያ ዘመን መዝገብ ውስጥ አልነበረም። ቃል ያልተገኘለት ሰው ደግሞ ኋላ ባገኙት ቃል ይጠራል።

በፍረጃ ሰውን መለየት በአብዮቱ ጊዜ አልተጀመረም፤ እሱን ልመን። ከጣሊያን ወረራ አርበኛና ባንዳ የሚሉ ቃላት ወርሰናል። ጎጃም ውስጥ ሁለቱም ከጎረቤት ማሳ ነው የወጡት። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ለጣሊያን አደሩ። በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት በዱር ተዋጋ፣ በ1937 ግን በነፃይቱ አገር ተሰቀለ። ይህን የሚያወራ ሽማግሌ እስካሁን ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ያኔ ግን ፍረጃው ሰው ባደረገው ነገር ነው። ባንዳ ያደረገውን አድርጎ ነው ባንዳ የተባለው። አብዮቱ ሲመጣ አንተ ያደረግከው ቀርቶ የቆምክበት መደብ ይመዘን ጀመር።

አሁን ወደ ከተማ እንሂድ። የካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ወጡ። ጥያቄው እውነት ነው፤ ደቡብ ላይ ጭሰኛው ያመረተውን ግማሹን የሚያስረክብበት አገር ነበር። ያ መፈክር ግን ዓባይን ሲሻገር ምን እንደሚሆን ያሰበበት ሰው ብዙ አይመስለኝም። ታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። እኛም ቀበሌ መጡ። አያቴ ያን ቀን ሲያወሩ ይስቁ ነበር። ጎፈሬውን ያሳደገ ልጅ ጉብታ ላይ ወጥቶ «መሬት ለአራሹ!» አለ። አንድ ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ መለሰለት፦

«ልጄ፣ እስካሁን ማን ሲያርሰው አይተህ ነው?»

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። እንደኛ ላሉት የርስት አገሮች ለብቻው የተጻፈ ክፍል ነበረው፤ ሰው የያዘውን እያረሰ ይቀጥላል። ሆኖም የዘር ቆጠራው ክርክር አበቃ። ዳኛው የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። አያቴም በዚያው ሰሞን ብዕር ያዙ።

ስለ ከተማው መተላለቅ ረጅም ማውራት አልፈልግም፤ ብዙ ተጽፏል። አንድ ነገር ላይ ብቻ ልቁም። ኢሕአፓና መኢሶን ምን ነበር ያጣላቸው? ሁለቱም ማርክሲስት ናቸው። ሁለቱም ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ ወጡ፣ ሁለቱም መሬት ለአራሹ ብለው ጮኸዋል። ልዩነታቸው ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» ማለቱ ነው። መኢሶን ደግሞ ደርግን «በሒሳዊ ድጋፍ» እየገፋን እናሻሽለው አለ። በተረጋጋ አገር ይህ የአንድ ምርጫ ክርክር ነው። ሰዎቹ ሻይ ቤት ተቀምጠው ይጨቃጨቁበታል፣ ከዚያ ሒሳቡን ማን ይክፈል ብለው ይጣላሉ።

እኛ ዘንድ ግን ክርክሩ ስም አወጣ። አንዱ ሌላውን «አናርኪስት» አለ፣ ሌላው «ባንዳ ምሁር» ብሎ መለሰ። መስከረም 1969 በመንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ቀጥሎ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1969፣ መኢሶንም ራሱ ኅቡዕ ገባ፤ የደገፈው መንግሥት ያሳድደው ጀመር። ኢሕአፓም በውስጡ «አንጃ» የሚል ስም አውጥቶ የራሱን ልጆች ጠርጥሯል። ቀይ ሽብር አዲስ አበባ ብቻ አልቀረም፤ ባሕር ዳርም፣ እዚህ ደብረ ማርቆስም ደርሷል። የልጇን ሬሳ አይታ ማልቀስ የተከለከለች እናት በየሰፈራችሁ ነበረች።

በዚህ ከተማ የማውቃቸው ሁለት ጡረታ የወጡ መምህራን አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ የምታውቋቸው ከመካከላችሁ አትጠፉም። አንዱ በኢሕአፓ፣ አንዱ በመኢሶን ታስረዋል። የታሰሩት አንድ ግቢ ነው፤ የገረፋቸውም ሰው አንድ ነው። ዛሬም አንዱ የሌላውን ጠበል ጻድቅ አይቀምስም። ለቅሶ ላይ ብቻ አንድ ድንኳን ይገባሉ፤ ያውም ፊትና ኋላ ሆነው። አንድ ቀን ደፍሬ አንደኛውን ጠየቅሁት። «ማን ቀድሞ እንደተኮሰ ይመን፣ ዛሬውኑ እታረቀዋለሁ» አለኝ። ሌላውንም ጠየቅሁት። ቃል በቃል ያንኑ አለኝ።

ይህ የፖለቲካ ልዩነት ነው ትላላችሁ? ሁለቱንም ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ትምህርት ጥራት ብትጠይቋቸው አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚሰጧችሁ። የሚያለያያቸው ስለ ነገ ያላቸው ሐሳብ አይደለም። በ1969 የተሰጣቸው ስም ነው።

አሁን ወደ ሾላው ዛፍ ልመለስ። ደርግ ከተሜውን ካስጨረሰ በኋላ ከኢሕአፓ ሠራዊት የተረፉ የተወሰኑ ታጋዮች ኅዳር 1973 ኢሕዴን የሚባል ድርጅት መሠረቱ። ከሕወሓት ጋር ተሰለፉ። የካቲት 1983 ሁለቱ ያሉበት ግንባር ኢሕአዴግ በዘመቻ ቴዎድሮስ ጎንደርንና ጎጃምን ያዘ። ኢሕዴን በ1986 ስሙን ወደ ብአዴን ቀየረ፣ የአማራ ክልልንም አስተዳደረ። በ1989 መሬት ይደልደል ያለው ይህ አስተዳደር ነው።

ነገሩ ገባችሁ? አያቴን ቢሮክራት ያሰኘው ቃል አዲስ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች ወጥቶ፣ በየበረሃው ዞሮ፣ ከ20 ዓመት በላይ ተጉዞ ነው ሾላው ሥር የደረሰው። «ፊውዳል»፣ «ቢሮክራት»፣ «ጭቁን»፤ ሁሉም የዚያ ዘመን የጥናት ክበብ ቃላት ናቸው። ቃላቱን የተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ሞተዋል። ቃላቱ ግን በጤና ነበሩ።

አንድ ነገር ሁሌ ያስቀኛል፤ ያሳዝነኛልም። በዚያ ዓመት ከጎጃም የተነሡ ገበሬዎች አቤት ሊሉ አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለእነሱ አዝነው ሰልፍ ወጡ፣ ታሰሩ። አስቡት እንግዲህ። በ1957 ተማሪው መሬት ይከፋፈል ብሎ ወጣ። ከ32 ዓመት በኋላ በዚያው ግቢ ያለው ተማሪ የመሬት ድልድሉን ተቃውሞ ወጣ። ሁለቱም ለገበሬው ብለው ነው። እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስል ድልድሉ በደል ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። ቅድም አትርሷቸው ያልኳችሁ ሰዎች ነበሩ። ከአያቴ 7 ጥማድ ውስጥ 3ቱ ለአንዲት ሸክላ ሠሪ ደረሳት። ከባሏ ተፋታ ሁለት ልጆች ይዛ የምትኖር ሴት ናት። እናቷም አያቷም የራሳቸው የሚሉት መሬት አልነበራቸውም፤ ከዋናው አባት አልተቆጠሩማ። በዚያ ድልድል ሴት በራሷ ስም መሬት አገኘች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ገመድ የተጣለ ዕለት ማሳው ዳር ቆማ አይቻታለሁ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ትስቅ ይሁን ታልቅስ አልለየሁም።

አያቴ ያን ሴት አንድ ቀን ክፉ ተናግረዋት አያውቁም። አያናግሯትም፤ በቃ። 14 ዓመት ሙሉ፣ እስከ ሞቱበት ቀን። ከቤታቸው እስከ ቤቷ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። እሷም ጀበናና ምጣድ ለመንደሩ ሁሉ ትሸጣለች፤ ከእኛ ቤት ግን ምጣድ ሲሰበር እናቴ ገበያ ወርዳ ነው የምትገዛ። ሁለት ደሃ ቤቶች አንድ ወረቀት አቆራረጣቸው። እንደኔ እንደኔ ሴትዮዋ መሬት ማግኘቷ ትክክል ነው። መሬቱ እንዲገኝ ሌላው ሰው ጠላት መባሉ ግን ግድ አልነበረም። ድርሻህን ቀንሰን ለሌለው እንሰጣለን ቢባሉ አያቴ ይቆጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይለምዱታል። ቢሮክራት መባልን ግን አልለመዱትም።

ፍረጃው ይወረሳል ያልኳችሁን ደግሞ በአጎቴ ላይ አየሁት። አጎቴ በ1967 የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። የጻፈው ነገር ቢኖር አመድ ላይ በጣቱ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ የማኅበር ኮሚቴ ታጨ። አንድ ሰው ከጥግ ተነሥቶ «የቢሮክራት ልጅ ነው» አለ። እጅ አልወጣለትም። ልብ በሉ፣ የተናገረው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የክርስትና አባቱ የእኛው ቤት ሰው ነው። እንደ ድሮው የርስት ክርክር ነው የቆጠረው። ከእገሌ ተወለደ፣ እገሌ ይህ ነበር፣ ስለዚህ ይህ ድርሻው ነው። ዘር ቆጠራው በአዋጅ ከመሬት ላይ ተነቀለና ሰው ላይ ተተከለ።

ስለ ዛሬው ብዙ እንድናገር የጠበቃችሁ አላችሁ፤ አላስደስታችሁም። ስልካችሁን አውጡና ፌስቡክ ክፈቱ። አንድ ሰው ስለ መንገድ ብልሽት ይጽፋል። ከሥሩ ሦስተኛው አስተያየት ላይ «ይሄ እኮ የእነ እገሌ ተላላኪ ነው» ይመጣል። አሥረኛው ላይ ባንዳ ይባላል። መንገዱን ረስተነዋል። ልጆቹን አልወቅስም። ታፔላ መለጠፍን ማንም አላስተማራቸውም፤ ቤት ውስጥ ነው ያገኙት።

እዚህ ላቁም። ሰዓቴን አልፌአለሁ መሰለኝ።

(ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተጀመረ። ሁለቱን ብቻ ላስፍር።)

አንዲት ወጣት ተነሥታ «ታዲያ እነዚያ ተማሪዎች ባይነሡ ይሻል ነበር እያሉን ነው?» አለችኝ።

አይደለም አልኳት። እነሱ ባይነሡ ሸክላ ሠሪዋ ማሳ ዳር አትቆምም ነበር። እኔም ምናልባት አልማርም። የሚያናድደኝ መነሣታቸው አይደለም፤ ለተነሡለት ሰው ስም ለማውጣት መቸኮላቸው ነው። ልጅቷ አልረካችም፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ቀጥሎ ከፊት ወንበር አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ለመሆኑ ያ 7 ጥማድ አሁን ምን ተዘርቶበታል?»

«ባሕር ዛፍ ነው አባቴ» አልኳቸው። «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ባሕር ዳር ገባ፤ ከማከራይ ብሎ ተከለበት። ከጎኑ ያለው የአጎቴ ጤፍ ነው። ጥላው ስላቀጨጨው አሁን ሁለቱ ሽማግሌ ይዘዋል።»

«እሱስ ደግ» አሉ አዛውንቱ። «ዛፍ ይቆረጣል።»